ቢሮም ጎረቤት ይሻል

በ1966 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ቆቦ ተመድቤ አስተምር ነበር። በኅዳር ወር፣ አንድ እሑድ ጧት፣ ምላጭ ልገዛ ወደ አስፋልቱ ስወጣ ሀጂ ዘይኑዲን የቤታቸውን ፊት በገመድ ሲለኩ አገኘኋቸው። የገመዱን አንድ ጫፍ ነክሰው ሌላውን በእጃቸው ጎትተው ነበርና ሰላምታዬን የመለሱልኝ በቅንድባቸው ነው።

«ና እስቲ መምህር፣ ይችን ጫፍ ያዝልኝ» አሉ ገመዱን ከአፋቸው አውጥተው። «የቀረኝ ጥርስ ሦስት ነው፤ እሱንም ገመዱ ሊወስደው ነው። ደግሞ አላህ ነው የላከህ፤ ካንተ ጉዳይ አለኝ።»

ሀጂ ዘይኑዲን በቆቦ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። እህል ከጠፋ ወዲህ ግን ነጋዴነታቸው በስም ቀርቷል። በከተማው መካከል፣ አስፋልቱን ተከትሎ የተሠራ ባለ ስምንት ክፍል ረጅም ቤት አላቸው፤ የእያንዳንዱ ክፍል በር ወደ መንገዱ ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ለመጣ የእርዳታ ቢሮ ሰጥተዋል። ቢሮው ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ ሰሌዳ ሰቅሏል። በስድስቱ ክፍሎች ግን ተከራዮች ይኖራሉ። የተከራዮቹ ልጆችና ዶሮዎች በቢሮው ፊት እንዳይመላለሱ ሀጂ በመካከል ከግድግዳው እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ የቆርቆሮ አጥር አቁመዋል።

ለክተን ስንጨርስ በቢሮው በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ቀኑ እሑድ ስለሆነ በሩ ተቆልፏል። ከበሩ ወዲያ፣ በግድግዳው ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ተቀምጧል። ሰላም አልናቸው። ሰውየው ብድግ ሊል ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠና በአንገቱ እጅ ነሣን። በዚያ ዓመት በመንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም።

«ጉዳዬ ይህ ነው» አሉ ሀጂ። «ለስድስቱ ተከራዮች ደብዳቤ ጻፍልኝ። እኔ ቁርአን እቀራለሁ እንጂ የአማርኛ ጽሕፈት አላውቅበትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንዲለቁልኝ በጨዋ ቃል ንገርልኝ። እንዳታስከፋቸው።»

«ልቀቁ ተብሎ የማይከፋ ሰው አለ ብለው ነው?»

«አንተ ተምረህ የለ? ለዚህ ነዋ የፈለግሁህ።»

«ግን ለምን ይለቃሉ?»

«የቢሮው ኀላፊ አቶ ደምሴ ስምንቱንም ክፍል ካላገኘሁ አለ። የሚመዘግበው፣ የእርሻው፣ የጤናው፣ ሁሉም እዚህ ሊሰበሰብ ነው። ከፊቱ ያለውንም ሜዳ አጥሮ የጭነት መኪና ሊያቆምበት ነው። ለተከራዮቹ ከወንዙ ማዶ መሬት አለኝ፤ በነፃ እሰጣለሁ፤ ጎጆ ይቀልሱበት። ሰው የምበድል እንዳይመስልህ።»

በእርግጥ ሀጂ ሰው የሚበድሉ አልነበሩም። አምና ጎተራቸው ሲራገፍ የመጨረሻዋን ማሽላ ለመንገደኛ ያከፋፈሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ክርክሬን በትሕትና ጀመርሁ።

«ሀጂ፣ ቢሮ መምጣቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን መኖሪያውን ሁሉ ለቢሮ ለቆ ሰዉን ከወንዝ ማዶ ማስፈር ለከተማው የሚበጅ ይመስልዎታል?»

ሀጂ ፈገግ አሉ። «ያኮ? እኔ ሽማግሌው ወደ ፊት እንሂድ ስል አንተ ተማሪው ወደ ኋላ ትጎትተኛለህ? ዓለም ተገለበጠች ማለት ነው! ስማኝ ልጄዋ። አምና ይህ ሕዝብ ሲያልቅ ደሴ ድረስ ሄጄ ደጅ ጠናሁ። አንዱ ጸሐፊ ‘ከየት ነዎት?’ አለኝ። ‘ከቆቦ’ አልሁት። ፋይሉን ገልጦ ገልጦ ‘ከቆቦ የመጣ ወረቀት የለም’ አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሻይም አዞልኛል። ግን ወረቀት የሌለው ረሃብ እሱ ዘንድ ረሃብ አልነበረም። ዛሬ ቢሮው መጣ፤ ከኋላው ስንዴው መጣ። እኔ ቢሮ ስል ስንዴ ማለቴ ነው።»

ያሉት እውነት ነበር። በኮሌጅ ስለ አስተዳደር ካነበብሁት ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አልነበረም።

«ደግሞ» ሲሉ ቀጠሉ፣ «ቦታ ከነፈግሁት አላማጣ ይሄዳል። የጎብዬ ሽማግሎችም ደምሴን ሁለት ጊዜ በግ አርደው ጋብዘውታል። በዚህ ረሃብ በጉን ከየት እንዳመጡት አላህ ይወቅ! ቢሮው ቢሄድብኝ ነገ ለዚህ ሕዝብ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«ስጋትዎ ይገባኛል» አልሁ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቢሮ ጧት በሁለት ሰዓት ይከፈታል፤ በአሥራ አንድ ይዘጋል። ቅዳሜማ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰው የለበትም። ተከራዮቹ ከሄዱ በቀረው ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ማን ይኖራል?»

«ዘበኛ አለ።»

«ዛሬ የት አለ?»

ሀጂ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። «እሑድ አይደል? ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመጣል።»

«እሺ፣ እሱ ይምጣ። መኪኖቹስ? አሁን እንኳ ሁለት መኪና ሲቆም ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ፣ ጭሱ በየበሩ ይገባል። እህል ሊቀበል የሚሰለፈው ሰው መጸዳጃ ስለሌለው ከቤቶቹ ኋላ ይቀመጣል። ሜዳው ከታጠረ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ውኃ የሚያስኬደው መንገድ ይዘጋል። ሰው መሀል ከተማ መኖር የሚጠላው እንዲህ እየሆነ ነው።»

«ይኸው አልሁህ! ስለዚህ ነው የማወጣቸው። ንጹሕ አየር አግኝተው ይኑሩ።»

«ጭሱን ማራቅ ሲቻል ሰዉን ያርቃሉ?»

«ኧረግ!» አሉ ሀጂ ጉልበታቸውን መታ አድርገው። «ይችስ የጠበቃ ቋንቋ ናት!»

በዚህ ጊዜ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ።

«ሀጂ፣ በቆርቆሮ ጆሮ አይከለልም። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ድምፁ በሦስተኛው ክፍል የምትኖረው የሀሊሜ ነበር። ሀሊሜ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቢሮውን የተቀደዱ ጆንያዎች እየሰፋች የምትኖር፣ ለማንም አንገቷን የማትደፋ ሴት ናት። ከአጥሩ ጫፍ ዞራ፣ ወስፌዋን በሻሿ እንደ ሰካች ከፊታችን ቆመች።

«ሰላም አለይኩም። እሺ፣ ከወንዝ ማዶ ልሂድ። ሀጂ፣ እኔ ይሄን ጆንያ በጀርባዬ ተሸክሜ ወንዝ ልሻገር ነው? ሲሞላስ? ያ ወንዝ ክረምት ሲመጣ ስንት ሰው እንደሚወስድ ረሱት?»

«ዘንድሮ ወንዙ የት አለ? አቧራ ነው።»

«ይሞላል፣ ኢንሻአላህ። እንዳይሞላ ዱአ እያደረጉ ነው?»

«አስተግፊሩላህ! ምላስሽ ከወስፌሽ ይብሳል።»

«ይብሳል፤ ቤቴ ነው እኮ። እንዲያውም ልንገርዎት—» ብላ ዞር አለችና ቃሏን አቋረጠች። ዓይኗ ከበሩ ወዲያ በተቀመጡት ሰዎች ላይ ዐርፎ ነበር።

«እኒህ እነማን ናቸው?»

«የቢሮው ባለጉዳዮች ይሆናሉ» አሉ ሀጂ።

«እሑድ?»

ሀሊሜ ሄዳ ከሰውየው ፊት ቁጢጥ አለች።

«ወንድሜዋ፣ እንደምን አደራችሁ? ከመቼ ጀምራችሁ ነው እዚህ ያላችሁት?»

«ከትናንት ከሰዓት በኋላ» አለ ሰውየው። ድምፁ ደርቆ ነበር።

«ምነው ታዲያ አትጣሩም?»

«ባለቤቷ ስታየን ትጠራናለች ብለን ነው። ደጅ ላይ ሆኖ መጮህ ነውር ነው።»

«የትኛዋ ባለቤት?»

«አሲያ ናታ።»

አሲያ እስከ ጥቅምት ድረስ በዚያ ክፍል ትኖር የነበረች ተከራይ ናት። ክፍሉ ለቢሮ ሲሰጥ ወንድሟ ዘንድ ዋጃ ገብታለች። ሰውየው ወልደ ሚካኤል ይባላል፤ ከደጋው የወረደ ገበሬ ነው። በሰኔ ሥራ ፍለጋ ሲያልፉ አሲያ ከዚሁ በር ላይ ጠርታ ውኃ አጠጥታ፣ ቆሎ ቋጥራ ሰጥታቸው ነበር። አሁን የቀራቸውን ሁሉ ጨርሰው ሲመለሱ የሚያውቁት ደጅ ይህ ብቻ ነው። በአገራቸው የጨዋ ልጅ ርቦኛል ብሎ አይጣራም፤ ከደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ማየትና መጥራት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ሰሌዳውን ደግሞ ማንበብ አይችሉም።

«ቤቷን ነጭ ቀብታ፣ ቆርቆሮ አቁማ ብናይ» አለ ወልደ ሚካኤል፣ «‘ተመስገን፣ አሲያ አልፎላታል’ ተባባልን። አንድ ነገር ሆና ነው?»

ሀጂ ዘይኑዲን አንገታቸውን ደፉ።

እኔም አፈርሁ። ለከተማው ሰው የምከራከር መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ስናገር ጀርባዬን የሰጠሁት ለእነዚህ ሰዎች ነበር። ሰላም ብያቸዋለሁ፤ አላየኋቸውም። እንደ ምንም ላካክስ ዳቦ ልገዛ ብድግ ስል ሀሊሜ እጄን ያዘችኝ።

«የት ነው?»

«ዳቦ ላመጣ።»

«ይችን ልጅ ልትገድላት ነው? ሰንብቶ የተራበ አንጀት ዳቦ አይችልም። በማንኪያ ነው፣ ጥቂት ጥቂት። አንተ ድሬሰሩን ጥራልኝ። ሀጂ፣ ልጅቷን ያንሷት፤ እኔ ቤት ትግባ።»

ልጅቷ ማሚቴ ትባላለች፤ አምስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ ግን ምንም አትከተልም። ሀጂ አቅፈዋት ወደ ሀሊሜ በር ሊሄዱ ሲሉ ቆርቆሮው ገታቸው። ዞረው ለመሄድ እስከ መንገዱ ጠርዝ መውረድ ሊኖርባቸው ነው፤ እናትየው አበበች ደግሞ ያን ያህል መራመድ አትችልም። ሀጂ ልጅቷን ለእኔ ሰጡኝና ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወዘወዙት። ሚስማሩ አንድ በአንድ ተነቀለ። ቆርቆሮው በታላቅ ድምፅ ሲወድቅ ጎረቤቶቹ ሁሉ ብቅ አሉ፤ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ከቢሮው የታደለ የፋፋ ዱቄት ይዞ መጣ።

በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰሩ ይርጋ ሩቅ አልነበረም። የሚኖረው እዚያው፣ በአምስተኛው ክፍል ነው፤ እሱም በወሩ መጨረሻ ሊለቁ ከታሰቡት አንዱ ነው። ልጅቷን መረመረ፤ ስኳርና ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ከንፈሯን ማርጠብ ጀመረ። ሀሊሜ ማንኪያውን ተቀብላው ቀጠለች። እኩለ ቀን ሲሆን ማሚቴ ማንኪያዋን በእጇ ለመያዝ ሞከረች።

«ትተርፋለች?» አሉ ሀጂ ከደጃፉ ቆመው።

«ትተርፋለች» አለ ይርጋ። «ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰኞን አታይም ነበር።»

ሀጂ ወጥተው ባዶው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ተከትያቸው ሄድሁ። «መምህር፣ ወረቀትህን አውጣ። ደብዳቤውን ጻፍ» አሉኝ።

ደነገጥሁ። «ሀጂ፣ ይህን ሁሉ አይተው?»

«ለተከራዮቹ መሰለህ? ለደምሴ ነው! ‘ስድስቱን ክፍል አልሰጥህም፤ ሰው ይኖርበታል’ ብለህ ጻፍልኝ።»

«አላማጣ ቢሄድስ?»

«እሱን ነው የምጨነቀው።» ጢማቸውን ጎተቱ። «ቢሮው ከሄደም ያች ልጅ ትሞታለች። ፋፋውን ያመጣው ቢሮው ነው፤ ያየቻት ሀሊሜ ናት። አንዱን ለሌላው ብተው ከሁለቱም አጣሁ።»

ሀሊሜ ከበሯ ላይ ሆና «ጎተራው ምን ይሠራል?» አለች።

ሀጂ ከቤቱ በስተኋላ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ፣ ከአባታቸው የወረሱት ትልቅ የድንጋይ ጎተራ ነበራቸው። ስድስት ክፍል ቢደመር አያክለውም። እህሉ ካለቀ ወዲህ ቆልፈው ደግ ዘመን ሲመጣ ሊሞሉት ይጠብቁ ነበር። ዘወትር ዓርብ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ ከፍተው ይጠርጉታል።

«የአባቴን ጎተራ?»

«ባዶውን እስከ መቼ ይጠርጉታል?»

«ጥጋብ ሲመጣስ ማሽላዬን የት ላግባ?»

«ጥጋብ ይምጣ እንጂ፣ ሀጂ፣ እኔ ቤት ያስገቡታል። ከአልጋዬ ወርጄ እተኛለሁ።»

ሀጂ መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ። «ጻፍ፣ መምህር። ጎተራውን ጨምርበት።»

ሰኞ ጧት ከሀጂና ከሀሊሜ ጋር ቢሮው ገባን፤ አቶ ደምሴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ደምሴ ሥራ የሚወድ፣ ነገር የሚመዝን ሰው ነው። በመጀመሪያ ግን ፊቱ አልፈታም።

«ሀጂ፣ እኔ ለአዲስ አበባ ስምንት ክፍል አግኝቻለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። ደግሞስ ቢሮ ከመኖሪያ ጋር ይደባለቃል? ባለፈው ሳምንት የአንዷ ዶሮ መዝገቡ ላይ ወጥታ የሠላሳ ቤተሰብ ስም አበላሽታለች። ቀልዴን አይደለም፤ ሠላሳ ቤተሰብ እንደገና ተሰልፏል። ሌላም አለ። የታመመ ሰው እዚህ ይሰለፋል። በሽታው ወደ ተከራዮቹ ቢዛመት ማን ይጠየቃል?»

«ይህስ ልክ ነው» አለች ሀሊሜ። «ዶሮዋ የእኔ ናት። ዛሬውኑ አስራታለሁ። ሰልፉም ከደጃችን ይራቅ። ግን የሚርቀው ሰልፉ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።»

«ሰልፉ ወደ ጎተራው ይዙር» አልሁ እኔ። «እዚያ ሜዳ አለ፤ መኪናውም ከአስፋልቱ ሳይጮህ በኋላ በኩል ይገባል። ራቅ ብሎ መጸዳጃ ይቆፈር፤ ተማሪዎቼን ይዤ እኔ አስቆፍራለሁ። እነዚህ ሁለት ክፍሎች ለጽሕፈት ይበቃሉ። ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ አይታጠር።»

«ቢሮው ሲዘጋ የሚመጣውስ?» አለ ደምሴ።

«ስትዘጉ ለእኔ ንገሩኝ» አለች ሀሊሜ። «ፋፋ አስቀምጡልኝ። የመጣውን አይቼ እጠራለሁ፤ የታመመ ካለ ይርጋ አለ። እናንተ ሰኞ ትመዘግቡታላችሁ።»

ደምሴ ወረቀቱን አጠፈው። «ለአዲስ አበባ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በስድስት ክፍል ፈንታ ጎተራ አገኘሁ በል» አሉ ሀጂ። «መምህሩ ቃሉን ያሳምርልሃል፤ ትናንት ሲያሳምር ውሏል።»

ደምሴ ሳቀ። ከመሄዱ በፊት ግን የሀሊሜን በር አንኳኩቶ ገባ፤ ማሚቴን አልጋ ላይ ተቀምጣ አያት። ሲወጣ የጎተራውን ቁልፍ ጠየቀ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ቢሮው አላማጣ አልሄደም። በጎተራው ውስጥ በእንጨት ተከፍሎ የእርሻውም የጤናውም ጠረጴዛ ገባ። የመኪናው ጭስ ከየበሩ ስለ ራቀ የልጆቹ ሳል ቀነሰ፤ መጸዳጃው ስለ ተቆፈረ የዝንቡ ብዛት ጎደለ፤ ሴቶቹም እንደ ልባቸው ውኃ ቀዱ። ወልደ ሚካኤል በጎተራው ጫኝና አውራጅ ሆኖ ተቀጠረ። አሲያም ከዋጃ ስትመጣ ሀሊሜ ግማሽ ክፍሏን ሰጠቻት፤ በተራ በተራ ደጁን ያያሉ። እስከ መጋቢት ድረስ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ደርሰው የተጠሩት ሰዎች አርባ ሦስት ናቸው። ይህን ቁጥር ደምሴ በሪፖርቱ አስገብቶታል፤ ቢሮው ባይኖር ኖሮ የሚያስገባው አይኖርም ነበር፤ ሀሊሜ ባትኖር ደግሞ የሚገባ ቁጥር አይኖርም ነበር።

በሚያዝያ የሮቢት ሽማግሎች በከተማቸው ቢሮ ሊከፈት ነውና ምክር ፍለጋ ሀጂ ዘንድ መጡ። እኔም በአጋጣሚ ነበርሁ። ከመካከላቸው አንዱ «ሀጂ፣ ለቢሮው ስንት ክፍል እንስጥ?» ብሎ ጠየቀ።

ሀጂ መለሱ። «የክፍሉን ቁጥር ደምሴ ይነግራችኋል። ትዕዛዙም ወረቀቱም እሱ ዘንድ ነው፤ አትንፈጉት። ቢሮ የሌለው አገር ጩኸቱ አይሰማም፤ ይህን በልጆቻችን አይተነዋል። እኔ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት፣ ቢሮው ሲዘጋ ከጎኑ ማን እንደሚያድር ጠይቁ።»

«ማንም የማያድር ከሆነስ?»

«እንግዲያስ ገና ነው» አሉ ሀጂ፤ «መጀመሪያ አንድ ጎረቤት አስገቡ።»